የኩባ ከበሮ የቆዩ ሸክላዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የተመለሱት ጥያቄዎች የኩባን ከበሮ መስማት ገና ከጀመሩ፣ ሸክላ ከሚሰበስቡ እና ራሳቸው ከበሮ ከሚመቱ ሰዎች በብዛት የሚነሱ ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

«የአፍሮ ኩባ ከበሮ» የሚባለው የቱ ነው?

በባርነት ወደ ኩባ የተጋዙ አፍሪካውያንና ልጆቻቸው ጠብቀው ያቆዩት፣ እዚያው ኩባ ላይም የፈጠሩት፣ በከበሮና በሰው ድምፅ የሚሠራ ሙዚቃ ነው። አራት ትልልቅ ምንጮች አሉት። ሉኩሚ ከዮሩባ ምድር፣ አራራ ከዳሆሜ (ከዛሬዋ ቤኒን)፣ ፓሎ ከኮንጎ አካባቢ፣ አባኩዋ ደግሞ ከናይጄሪያና ካሜሩን ወሰን የመጡ ናቸው። ሩምባ ከነዚህ ሁሉ ወስዶ በሃቫናና በማታንሳስ የድሃ ሰፈሮችና የወደብ ሠራተኞች ግቢዎች ያደገ ዓለማዊ ጨዋታ ነው። ዩኔስኮ በ2016 ከማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገብቶታል። በዳንስ ትምህርት ቤት «ሩምባ» የሚባለው ለስላሳ የጥንድ ዳንስና እኛ አገር በጣም የሚታወቀው የኮንጎ የጊታር ሩምባ ሌላ ነገር ናቸው፤ እነሱን ፈልጎ የመጣ ሰው እዚህ አያገኛቸውም።

«የቆዩ ሸክላዎች» የምንለው በብዛት ከ1940ዎቹ አጋማሽ እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ በኩባና በአሜሪካ የተቀረጹትን ነው።

ፒያኖ የለም፣ ሳክስፎን የለም። ታዲያ ሰውን የሚይዘው ምኑ ነው?

ከበሮው ራሱ ዜማ ነው። ከሩምባ ዓይነቶች ጓጓንኮን እንውሰድ። ሦስት ኮንጋዎች (በእጅ የሚመቱ ረጃጅም ከበሮዎች) አሉ፤ ኩባውያን ቱምባዶራ ይሏቸዋል። ወፍራሙ ሳሊዶር፣ መካከለኛው ትሬስ ዶስ፣ ቀጭኑ ኪንቶ ይባላል። ሳሊዶሩ አንድ ክፍት ወፍራም ድምፅ ይጥላል፣ ትሬስ ዶሱ ከፍ ባለ ቃና ሌላ ቦታ ላይ ይመልስለታል። ለየብቻቸው ከተሰሙ ሁለቱም ጎዶሎ ናቸው። ሲገናኙ ግን ሰው ሊያንጎራጉረው የሚችል አጭር ዜማ ይወጣል፤ ያንን ዜማ ሙሉውን የሚመታው አንድም ሰው የለም። ለአንድ ሳምንት ሌላውን ትቶ ይህችን የሁለት ከበሮ ዜማ ብቻ እያሳደደ ያዳመጠ ሰው ሙዚቃው ይከፈትለታል።

ከዚያ ኪንቶው አለ። ጥሩ ኪንቶ መቺ ምት አይደረድርም። አውጪው ሲዘፍን ጥቂት ይናገራል፣ አውጪው ትንፋሽ ሲወስድ ክፍተቷ ውስጥ ይገባል፣ ተቀባዮች ገብተው ጨዋታው ሲሞቅ ደግሞ ፊቱን ወደ ዳንሰኞቹ ያዞራል። በጓጓንኮ ወንዱ ሴቷን እያባበለ ይጨፍርና በድንገት በእጁ፣ በእግሩ ወይም በወገቡ ወደ እሷ የሚወረውራት እንቅስቃሴ አለች፤ ቫኩናዎ ትባላለች። ሴቷ በቀሚሷ ትከላከላለች። ኪንቶው በዚያች ቅጽበት አንድ ስል ምት ያሳርፋል። ሸክላ ላይ ዳንሱ ባይታይም፣ ምክንያቱ ያልገባችሁ ድንገተኛ የኪንቶ ጩኸት ስትሰሙ ብዙ ጊዜ መልሱ እግር ሥር ነው ያለው።

ከጎን ካታ አለ፦ ቀርከሃ ወይም የተቦረቦረ እንጨት በሁለት ዘንጎች እየተመታ የሚወጣ ደረቅ፣ የማያቋርጥ ድምፅ። ከሁሉም በላይ ክላቬ አለ፦ ሁለት እንጨቶች፣ አምስት ምቶች። ሁሉም ሰው ሒሳቡን የሚያወራርደው ከእነዚያ አምስት ምቶች ጋር ነው።

ድግግሞሹ አሰልቺ የሚመስለው ሁሉንም በጅምላ ስንሰማ ነው። በደህና ቅጂ ላይ ሳሊዶሩ ለረጅም ጊዜ አንድ ነገር ይዞ ይቆይና አንዴ ብቻ ትንሽ ያዛንፋታል። ትሬስ ዶሱ ወዲያው ይሰማታል፣ ይመልስላታል፣ ሁለቱም ወደ ቦታቸው ይገባሉ። ለዚያች ዝንፈት ሲባል አንድ ሸክላ መቶ ጊዜ ይሰማል።

ክላቬው የት እንዳለ አይሰማኝም። እንዴት ልያዘው?

አንድ የክላቬ ዙር 16 እኩል ቁጥሮች አሉት። የሩምባ ክላቬ 1፣ 4፣ 8፣ 11 እና 13 ላይ ይመታል። የሶን (የሌላው የኩባ የዘፈን ስልት) ክላቬ 1፣ 4፣ 7፣ 11 እና 13 ላይ ነው። ልዩነታቸው ሦስተኛዋ ምት ብቻ ናት፤ ሩምባው በአንድ ቁጥር ያዘገያታል። ያቺ መዘግየት ናት ሩምባውን ወደ ፊት ዘንበል ያለ፣ ሊወድቅ ደርሶ የማይወድቅ የሚያስመስለው።

ልምምዱ እንዲህ ነው። በእግር 1፣ 5፣ 9፣ 13 ላይ ረገጥ ረገጥ አድርጉ፣ በጣም በዝግታ፣ በደቂቃ 60 እርምጃ አካባቢ። ከዚያ በእጅ አምስቱን ምቶች ጠረጴዛ ላይ ምቱ። እጅና እግር የሚገናኙት 1 እና 13 ላይ ብቻ ነው። 4 ከእግሩ ቀደም ትላለች፣ 8 እንዲሁ ከ9 በፊት ትወድቃለች፣ 11 ደግሞ በ9 እና በ13 መካከል ልክ እኩሌታው ላይ ናት። ይህ ሳይዛነፍ ሦስት ደቂቃ ከሄደ ፍጥነቱን ጨምሩ። ከዚያ በኋላ ነው ከሸክላው ጋር መምታት የሚያዋጣው።

የሚበላሸው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛ፣ ሰው አምስቱን ምቶች ሳያውቀው እኩል ያራርቃቸዋል፤ በተለይ 8 ወደ 7 ትሳብና ሩምባው ሶን ይሆናል። ሁለተኛ፣ ዙሩ ይገለበጣል። ክላቬ ሦስት ምት ያለበት ግማሽና ሁለት ምት ያለበት ግማሽ ስላለው፣ ዘፈኑ ከሁለቱ በየትኛውም ሊነሳ ይችላል። ዘፈኑ ሁለት ምት ካለበት ግማሽ ተነስቶ ሳለ ሳታውቁት ከሦስቱ ከጀመራችሁ፣ ዜማው ከእጃችሁ ጋር ሲጣላ ይሰማችኋል። እንደዚያ ሲሆን ተጨማሪ ምት ጨምራችሁ ለማስተካከል አትሞክሩ። እጃችሁን አንሱና ደረቁን ቀጭን የእንጨት ድምፅ ብቻ እየተከተላችሁ አንድ ሙሉ ዙር አሳልፉ፤ ከዚያ ግቡ። ብዙ ሸክላዎች ላይ ክላቬውና ካታው ከኮንጋዎቹ ቀድመው ስለሚገቡ የመጀመሪያዎቹን አሥር ሰከንዶች ደጋግሞ ማጫወት ትልቅ እርዳታ ነው።

በችክችካ ያደገ ጆሮ ይጠቅማል ወይስ ያስቸግራል?

ሁለቱንም። ኮሉምቢያ የሚባለው የሩምባ ዓይነትና ቤምቤ የሚባለው የሉኩሚ ጨዋታ በ12 ቁጥር ዙር ነው የሚሄዱት፤ 6/8 ለለመደ ጆሮ በሩ ክፍት ነው። እዚያ ክላቬው 1፣ 3፣ 6፣ 8 እና 10 ላይ ይወድቃል፣ የብረቱ ደወል ደግሞ 1፣ 3፣ 5፣ 6፣ 8፣ 10 እና 12 ላይ። ለመልመድ የኩባዊውን ኮንጋ መቺ የሞንጎ ሳንታማሪያን «አፍሮ ብሉ» (1959) ክፈቱ። በእግር 1፣ 4፣ 7፣ 10 እየረገጣችሁ በእጅ 1፣ 3፣ 5፣ 7፣ 9፣ 11 ላይ አጨብጭቡ። ሁለቱ ስሜቶች አንድ ላይ ሲቆሙ ዘፈኑ ለምን እንደሚንሳፈፍ ይገባል። የጃዝ ሳክስፎን ተጫዋቹ ጆን ኮልትሬን በ1963 ሲያነሳው የያዘው ይህንኑ ነው።

የሚያስቸግረው ጓጓንኮ ላይ ነው። የ16ቱን ቁጥር ዙር ወደ 12 የመጎተት ልማድ አለ፤ ካታውና ክላቬው ይለሰልሱና ሁሉም ነገር ችክችካ ይሆናል። ነገሩን የሚያወሳስበው የማታንሳስ መቺዎች ራሳቸው አውቀው በ12ና በ16 መካከል ማንሳፈፋቸው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቀጥ ባለ የሃቫና ወይም የኒውዮርክ ቅጂ 16ቱን አጥብቃችሁ ያዙ፣ ከዚያ ወደ ማታንሳስ ሂዱ።

ከኢትዮጵያ ሙዚቃ ጋር እውነተኛ ግንኙነት አለው?

አለው፤ ስሙም ሙላቱ አስታጥቄ ነው። ቦስተን በርክሊ ተምሮ፣ ኒውዮርክ ውስጥ በ1966 ከኢትዮጵያን ኩዊንቴት ጋር «አፍሮ ላቲን ሶል» የተባሉ ሁለት አልበሞች አወጣ። ያኔ ከተማው በኦርኬስትራ መሪው በቲቶ ፑዌንቴና በሞንጎ ሙዚቃ የተሞላ ነበር። ወደ አገር ቤት ሲመለስ ኮንጋውን ከቫይብራፎኑ ጋር ይዞት መጣ። የሙላቱን የቆዩ ሥራዎች ከሞንጎ የ1950ዎቹ ሸክላዎች አጠገብ አስቀምጦ መስማት፣ ኮንጋው በኢትዮጵያ ቅኝት ሥር ምን እንደሚሠራ ከማንኛውም ማብራሪያ የተሻለ ያሳያል። ሌላው መስመር የሰው ነው። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች በኩባዋ የወጣቶች ደሴት ተምረዋል። ከነሱ ውስጥ በአጠገባችሁ ካለ የሩምባ ግጥም ይዛችሁ ሂዱ፤ ሰፈር ውስጥ ያለ መዝገበ ቃላት ነው።

ከየትኛው ልጀምር?

በሞንጎ ሳንታማሪያ «ያምቡ» (1958) እና «ሞንጎ» (1959)፣ ሁለቱም የፋንታሲ ሸክላ ኩባንያ ሥራዎች። ምክንያታችን የድምፁ ጥራት ነው። ከበሮዎቹ ተለያይተው ስለሚሰሙ የቱ ሳሊዶር፣ የቱ ኪንቶ እንደሆነ ያለ አስተማሪ መለየት ይቻላል። ፍራንሲስኮ አጓቤያና ዊሊ ቦቦ አብረውት አሉ።

ቀጥሎ ቲቶ ፑዌንቴ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ለቲኮ የሠራው «ፑዌንቴ ኢን ፐርከሽን» ነፋሻ መሣሪያም ፒያኖም የሌለበት ነው፤ ቲምባሌስ (በዘንግ የሚመቱ ጥንድ የብረት ከበሮዎች)፣ ኮንጋ፣ ቦንጎ (ጥንድ ትንንሽ የእጅ ከበሮዎች) እና የቦቢ ሮድሪጌስ ቤዝ ብቻ። ሞንጎ፣ ዊሊ ቦቦና ፓታቶ ቫልዴስ አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። የዳንስ ኦርኬስትራ መሪ ለነበረ ሰው ከበሮ ብቻ ያለበት ሸክላ ማውጣት ደፋር እርምጃ ነበር። ለአርሲኤ ቪክቶር የሠራው «ቶፕ ፐርከሽን» ደግሞ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ አንዱ ወገን የሉኩሚ ከበሮና ዜማ፣ ሌላው የኒውዮርክ ጃም (አስቀድሞ ያልተጻፈ ነፃ ጨዋታ)። በመጀመሪያው ወገን የሚሰሙት አጓቤያና ሁሊቶ ኮያሶ በ1950ዎቹ ከካትሪን ደንሃም የዳንስ ቡድን ጋር ከኩባ የወጡ፣ ባታን (ከታች የምናየውን የአምልኮ ከበሮ) በአሜሪካ ካቋቋሙት ሰዎች ዋነኞቹ ናቸው።

ቤዝና መለከት የሚናፍቀው ሰው በ1957 ሃቫና ውስጥ ቤዝ ተጫዋቹ ካቻዎ ለፓናርት ኩባንያ የቀረጻቸውን አጫጭር ዴስካርጋዎች (የኩባ ጃሞች) ይያዝ። ሙዚቀኞቹ የሌሊት ሥራቸውን በየክለቡ ጨርሰው ሊነጋጋ ሲል ስቱዲዮ ገብተው ነው የተጫወቱት። ታታ ጉዊኔስ ኮንጋ ላይ፣ ጊዬርሞ ባሬቶ ቲምባሌስ ላይ ነበሩ። ታታ ጉዊኔስ በጥፍሩ ጭምር ከቆዳው የሚያወጣትን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ ፈልጓት። የፓናርት ጃም ቅጂዎች በ2018 በአንድ ጥራዝ ተሰብስበው እንደገና ወጥተዋል፤ ለብቻ ለብቻ ከመፈለግ ያ ይሻላል።

«ፓታቶ እና ቶቲኮ» (ቨርቭ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ ኒውዮርክ) ሩምባ ከአርሴኒዮ ሮድሪጌስ የኩባ ጊታር (ትሬስ) እና ከካቻዎ ቤዝ ጋር የተገናኘበት ነው። ከኩባ ውጭ የተሠራ የሩምባ ሸክላ አንድ ብቻ ያዙ ብንባል እሱን እንይዛለን።

ብዙዎች ሳቡ ማርቲኔስ በ1957 ለብሉ ኖት ባወጣው «ፓሎ ኮንጎ» ጀምሩ ይላሉ። ድንቅ ሸክላ ነው፣ አርሴኒዮም አለበት፤ ግን ስልቶቹን አደባልቆ ስለሚሄድ ጓጓንኮውን ከሌላው ያልለየ ጆሮ ይደናገርበታል። ሦስተኛ ወይም አራተኛ ይሁን።

ሎስ ሙኜኪቶስ ዴ ማታንሳስ ለምን ያን ያህል ይከበራሉ?

በ1952 በማታንሳስ ሲቋቋሙ ስማቸው ጓጓንኮ ማታንሴሮ ነበር፤ መሪያቸው ፍሎሬንሲዮ ካዬ። ለፑቺቶ ኩባንያ ከቀረጿቸው የመጀመሪያ ዘፈኖች አንዱ ስለ ጋዜጣ የካርቱን ገጸ ባሕርያት ነበር። ዘፈኑ እንዲህ ስለተወደደ ሕዝቡ ቡድኑን በዘፈኑ ስም መጥራት ጀመረ፤ ስሙ በዚያው ጸና።

ድምፃቸውን ልዩ የሚያደርገው የመጀመሪያው የሳልዲጌራና የቪሩሊያ ጥምር ድምፅ ነው። ሁለቱ ሲያወጡ አንዱ ከላይ አንዱ ከሥር ሆነው አብረው ይሄዳሉ፤ የተለማመዱት ሳይሆን አብረው ያረጁበት ይመስላል። ሁለተኛው ከበሮው ነው። በሃቫና ትሬስ ዶሱ መልሱን በአንድ ቦታ ላይ ቆሞ ይመልሳል፤ በማታንሳስ ሳሊዶሩና ትሬስ ዶሱ ሁለቱም ይንቀሳቀሳሉ፣ ይቀባበላሉ፣ ኪንቶው ሊሠራ የሚገባውን ሥራ ይሻማሉ። ለዚህ ነው ማታንሳስን ለመቅዳት የሚሞክር ጀማሪ ቡድን ቶሎ የሚፈርሰው፦ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ይናገራሉ። ሙኜኪቶሶች ላይ አንዱ ሲናገር ሌሎቹ ሁለቱ ያስተናግዱታል።

በንጽጽር ለመስማት የሃቫናውን አልቤርቶ ሳያስን ፈልጉ። በዚያው አሥር ዓመት አጋማሽ ለፓናርት የቀረጸው «ኤል ቪቬ ቢየን» በከበሮ ቡድን ብቻ ተሠርተው ሕዝብ ዘንድ ከደረሱ ቀደምት ጓጓንኮዎች አንዱ ነው።

ዘፈኖቹ ለምን ልክ ሊሞቁ ሲሉ ያልቃሉ?

የ78 ዙር ሸክላ አንድ ገጽ ሦስት ደቂቃ ገደማ ብቻ ይይዛል። ግቢ ውስጥ ግማሽ ሰዓት የሚሄድ ሩምባ እዚያ ውስጥ መታጨቅ ነበረበት። ስለዚህ ትርጉም በሌላቸው ፊደላት የሚዜመው መግቢያ፣ ዲያና፣ ወደ አንድ ሁለት ሐረግ ይቀነሳል፣ ግጥሙ ያጥራል፣ ተቀባዮች ቶሎ ይገባሉ። ከበሮ የምትመቱ ከሆነ የሸክላውን አቀራረጽ የጨዋታው ትክክለኛ መጠን አድርጋችሁ አትውሰዱት፤ በእውነተኛ ጨዋታ ተቀባዮች ከገቡ በኋላ ያለው ክፍል ከፊተኛው ይበልጥ ይረዝማል።

ባታ ምንድን ነው? የአምልኮ ከበሮ ከሆነ መስማቱስ?

ባታ በወገቡ የጠበበ፣ በሁለቱም ጫፍ ቆዳ ያለው፣ ጭን ላይ ተጋድሞ በሁለት እጅ የሚመታ ከበሮ ነው። አንዱ አፉ ከሌላው ይሰፋል፣ እንደ ቤተ ክርስቲያናችን ከበሮ። ሦስት ናቸው፦ ትልቁ ኢያ፣ መካከለኛው ኢቶቴሌ፣ ትንሹ ኦኮንኮሎ። ኦኮንኮሎው አጥር ሆኖ ይቆማል፣ ኢያው ይጠራል፣ ኢቶቴሌው ይመልሳል። ኢያው ዙሪያውን ትንንሽ ደወሎች ስለሚታጠቅ ሸክላ ላይ ደወሉን ተከትላችሁ መሪውን ማግኘት ትችላላችሁ። ዮሩባ የቃና ቋንቋ ስለሆነ የኢያው አጠራር ብዙ ቦታ የንግግር ቅርጽ አለው።

አዎ፣ በሉኩሚ ሃይማኖት ኦሪሻዎች (የሃይማኖቱ አማልክት) የሚጠሩበት ከበሮ ነው። ለሥርዓቱ የሚቀደሱት ከበሮዎች የተለዩ ናቸው፤ ለመድረክና ለስቱዲዮ በብዛት የሚያገለግሉት ያልተቀደሱት፣ አቤሪኩላ የሚባሉት ናቸው። ኩባዊው ተመራማሪ ፌርናንዶ ኦርቲስ ፓብሎ ሮቼን ከመሰሉ ታላላቅ መቺዎች ጋር ባታን ለመጀመሪያ ጊዜ ከአምልኮ ውጭ በአደባባይ ያሰማው በ1936 ነው። ስለ እምነታችሁ የምትጠነቀቁ ከሆነ መስመሩ ግልጽ ነው። ሩምባና ዴስካርጋ ዓለማዊ ናቸው። የሞንጎ «ቻንጎ»፣ ሜርሴዲታስ ቫልዴስና ሴሊያ ክሩስ የዘፈኑበት የፓናርቱ «ሳንቴሮ»፣ የ«ቶፕ ፐርከሽን» የመጀመሪያ ወገን ግን የኦሪሻ ዜማ አለባቸው። መስማት የመረጠ ሰው ደግሞ ለሰዎቹ ጸሎት መሆኑን አውቆ ይስማው፤ ለድግስ ማሟሟቂያ አይደለም።

ይህን መስመር በጥልቀት የሚፈልግ ሰው ኩባዊቷ ተመራማሪ ሊዲያ ካብሬራና ሆሴፋ ታራፋ በ1950ዎቹ በማታንሳስና በሃቫና የቀረጹትን ይፈልግ፤ ስሚዝሶኒያን ፎክዌይስ በሦስት ሲዲ አውጥቶታል። ከየሲዲው ጋር የሚመጣው የማብራሪያ ጽሑፍ ከድረ ገጹ በነፃ ስለሚወርድ መጀመሪያ እሱን ማንበብ ነው። ከሱ ቀደም ብሎ ሃሮልድ ኩርላንደር በ1940 የቀረጸውም በዚያው በፎክዌይስ አለ።

ዘፈኑ መሀል ላይ የከበሮው ቃና ሲወርድ ይሰማኛል። ቅጂው ተበላሽቷል?

ድምፃውያኑን አዳምጡ። ድምፃቸውም አብሮ ከወረደ ችግሩ የማጫወቻው ወይም የተቀዳበት ቴፕ ፍጥነት ነው። ድምፃውያኑ ባሉበት ሆነው ከበሮው ብቻ ከወረደ ቆዳው ነው። ያኔ ብዙዎቹ ኮንጋዎች ቆዳቸው በምስማር የተመታ ስለነበር የሚወጠሩት በእሳት ነበር፤ ወረቀት ወይም ሻማ አቀጣጥለው ከሥር ያሞቋቸዋል። ሲቀዘቅዝ፣ በተለይም የባሕር እርጥበት ሲነካው ቆዳው ይላላል፣ ቃናው ይወርዳል። የብረት መወጠሪያ ያለው ኮንጋ እንዲስፋፋ ከደከሙት አንዱ ፓታቶ ቫልዴስ ነው። የሱን ሸክላ ስትሰሙ ከበሮዎቹ ሳይዛነፉ ዜማ የሚጫወቱት ለዚህ ነው።

በስልኬ ስሰማው ከበሮው ቀጭንና ደረቅ ነው።

የስልክ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ ማውጣት አይችልም። የሳሊዶሩ ክፍት ድምፅ መሠረቱ 100 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ ስልኩ እዚያ ድረስ ስለማይወርድ የሚቀረው ክላቬና ካታ ብቻ ነው። በዚህ ሁኔታ «የሁለት ከበሮ ዜማ» ያልነው ግማሹ የለም ማለት ነው። ተራ ባለገመድ የጆሮ ማዳመጫ እንኳ ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

ሁለተኛው ጉዳይ የፋይሉ ጥራት ነው። በ128 ኪሎቢት የታመቀ ኤምፒስሪ በደቂቃ 1 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል፣ 320ው 2.4 ገደማ። ለዳታ ብላችሁ ዝቅተኛውን ከመረጣችሁ ቀድሞ የሚጎዳው የክላቬው ስለት ነው፤ ከምቱ በፊት ትንሽ የሹክሹክታ ጥላ ይፈጠራል፣ ምቱም ይደበዝዛል። የ40 ደቂቃ አልበም በ320 መቶ ሜጋባይት አይሞላም፤ ዋይፋይ ባለበት አውርዶ ማስቀመጥ ነው። «ባስ ቡስት» የሚባለውንም አጥፉት፣ ሳሊዶሩን አያመጣውም፤ ያለውን ያደፈርሰዋል።

ግጥሙ በምን ቋንቋ ነው?

ሩምባው በአብዛኛው በስፓኒሽ ነው፣ ኮሉምቢያ ላይ የአባኩዋና የኮንጎ ቃላት ይበዛሉ። የባታ ዜማዎች በሉኩሚ ናቸው።

ሸክላውን ራሱን ልገዛ ነው። ምን ልጠንቀቅ?

በመጀመሪያ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ እንዳትገዙ። የሞንጎ «ቻንጎ» በኋላ «ድራምስ ኤንድ ቻንትስ» ተብሎ ወጥቷል። «ያምቡ» እና «ሞንጎ» ደግሞ «አፍሮ ሩትስ» በሚል ባለሁለት ሸክላ ተጣምረዋል። ፋንታሲ በዚያ ዘመን ቀይና ሰማያዊ ግልጽ ሸክላ ያትም ነበር፤ ቀዩ ሞኖ፣ ሰማያዊው ስቴሪዮ ነው። ቀለሙ ዋጋ ቢያስጨምርም ጭረቱን ከመመርመር አያድናችሁም፤ በብርሃን ላይ አዘንብላችሁ እዩ።

ከሞኖ ቅጂ ወደ ስቴሪዮ «የተቀየረ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን አትንኩ። ወፍራሙን ወደ አንድ ጆሮ፣ ቀጭኑን ወደ ሌላው ገፍተው ነው የሚሠሩት። ከበሮ ለከበሮ የሚነጋገርበት ሙዚቃ ላይ አንዱን ከበሮ ለሁለት መሰንጠቅ ነው።

የመርፌ ነገር ቀልድ የለውም። የ78 ዙር ሸክላ ቦይ ሰፊ ስለሆነ 75 ማይክሮን ገደማ ስፋት ያለው መርፌ ይፈልጋል፤ የሞኖ ኤልፒ (የ33 ዙር ሸክላ) 25፣ የስቴሪዮ 18 ገደማ። በኤልፒ መርፌ 78ቱን ብትጫወቱ መርፌው ቦዩ ታች ቆሻሻ ላይ ይንፏቀቃል፣ ከከበሮው ይልቅ ጩኸቱ ይሰማል። በተቃራኒው የ78ን መርፌ ኤልፒ ላይ ማሳረፍ ሸክላውን ለዘለቄታው ያበላሸዋል። የ78ቱ ሸክላ በአብዛኛው ከሼላክ የተሠራ ስለሆነ በአልኮል አይጠረግም፤ አልኮል ይበላዋል። በተጣራ ውኃና በአንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ለስላሳ ጨርቅ አርሳችሁ በቦዩ አቅጣጫ ጥረጉ፣ መሀል ያለውን ወረቀት ሳታረጥቡ።

ክላቬ እቤት መሥራት ይቻላል?

ይቻላል። 20 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው፣ እንደ ወይራ ካለ ጠጣርና በደንብ ከደረቀ እንጨት የተጠረቡ ሁለት ድቡልቡል ዘንጎች በቂ ናቸው። እርጥብ እንጨት ድምፁ ይታፈናል። አንዱን በግራ እጅ ጣቶች ጫፍና በአውራ ጣት ላይ ብቻ አሳርፉት፣ መዳፋችሁ ከሥሩ ባዶ ጉድጓድ ይሁን። አጥብቃችሁ ከጨበጣችሁት ጭጭ ይላል። በሌላው መሀሉን ምቱ።

ሸክላዬን ወደ ፋይል ስገለብጥ ምን ላድርግ?

በ24 ቢትና በ96 ኪሎኸርዝ ቅዱ፤ ሸክላው ሞኖ ቢሆንም ሁለቱንም ቻናል ያዙ። ያንን ጥሬ ፋይል ሳትነኩ አስቀምጡት፣ ሥራው በግልባጩ ላይ ይሁን። መጀመሪያ ሁለቱን ቻናሎች ወደ ሞኖ ደምሩ፤ መርፌው ወደ ላይና ወደ ታች ሲዘል የሚፈጥረው ጩኸት ብዙው በዚሁ ይጠፋል። ሲደመር ከበሮው ራሱ ከሳሳ ወይም ከጠፋ፣ ከካርትሪጁ (መርፌውን ከያዘው ክፍል) የሚወጡት ገመዶች አንዱ ወገን ተገልብጦ ታስሯል። ከዚያ ጠቅታዎቹን በእጅ፣ አንድ በአንድ አንሱ። ጩኸት የሚያጠፋ አውቶማቲክ ፕሮግራም ክላቬውንና የኪንቶውን ስል ምት እንደ ጠቅታ ቆጥሮ ይበላቸዋል። ስለዚህ ከማስቀመጣችሁ በፊት «የተወገደውን ብቻ አሰማ» የሚለውን ምርጫ ተጭናችሁ ስሙ፤ እዚያ ውስጥ ምት የሚመስል ነገር ከተሰማ መጠኑን ቀንሱ።